ፕሮስቴት የሚለምኑ ሽማግሌዎች

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው የያፌትን በር ያንኳኩትን ሦስት ሽማግሌዎች ያየ ሰው ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ይመስሉት ነበር። ያፌት ልጅ የለውም። የመጡት ፕሮስቴቱን ሊጠይቁ ነው።

«እንዴት አደርክ ያፌት? ብሩክታዊት፣ ደህና ነሽ ልጄ?» አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ናትናኤል፣ የበሩን ደፍ አልፈው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ያፌት። የደነገጠው ቃሉ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው።

«የመጣንበትን ሳንጨርስ አንቀመጥም» አሉት።

ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ እሺ እስኪባል አለመቀመጡ የቆየ ወግ ነው። የጋራ ጤና ጽሕፈት ቤት ይህን ወግ አልሻረውም፤ እንዲያውም ወደደውና ደንብ አደረገው። ሽማግሌዎቹ በግራ እጃቸው የሚያስሩት ቀጭን አምባር የቆመንና የተቀመጠን ሰው ይለያል። ከሦስቱ አንዳቸው በተለማኙ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ካረፉ ባለቤቱ ተስማምቷል ማለት ነው። ፊርማ የለም፣ ይግባኝም የለም። ከወረቀት ይልቅ ለባህላችን የቀረበ አሠራር ነው ይላል የጽሕፈት ቤቱ መግለጫ። ስለዚህ በዚህ ዘመን የሐዋሳ ሰው እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያየው ግራ እጁን ነው። አምባር ካየ ወንበሮቹን ወደ ጓዳ ያስገባል። ያፌትና ብሩክታዊት ግን ለዚህ ነገር አዲስ ነበሩ፤ ወንበሮቻቸው እዚያው ጠረጴዛው ዙሪያ ተደርድረው ነበር።

አቶ ናትናኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ያፌት፣ አንተ የዚህ ሰፈር ልጅ ነህ። የማናችን ብስክሌት ነው በአንተ እጅ ያላለፈው? ዕድሩ ዛሬ የላከን ለራስህም ለእኛም ለሚበጅ ነገር ነው። ያቺን እጢ ስጠን።»

«የትኛዋን?» አለ ያፌት፣ የትኛዋ እንደሆነች እያወቀ።

«ያቺን የታችኛዋን።»

ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ላሚሶ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ማለስለስ ይችሉበታል። «የሎሚ ፍሬ የምታህል ናት እኮ፣ አንተ! ለአንዲት ሎሚ ይሄን ያህል ይለመናል?»

«እርስዎስ ሎሚዎን ሰጡ?»

«የእኔማ ገና አረንጓዴ ናት» አሉና ሳቁ። አቶ ናትናኤልም ሳቁ።

ሦስተኛው ሽማግሌ አልሳቁም። ጋሼ ኪሩቤል ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ያፌትን ስምንተኛ ክፍል አስተምረውታል። የእሳቸው እጢ የወጣው አምና ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ሱሪ ብቻ ይለብሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም የሚቆሙት መውጫው አጠገብ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። አሁንም ግድግዳውን ደገፍ ብለው ወለሉን ወለሉን ያያሉ።

«ማን መርምሮኝ ነው?» አለ ያፌት።

«ሽንት ቤቱ መርምሮሃል» አሉ አቶ ናትናኤል።

እውነታቸውን ነው። የሰፈሩ ሽንት ቤቶች ሁሉ ሽንት ያነባሉ። ማለዳ የቆመ ወንድ የፍሰቱን ጉልበት፣ መቆራረጡን፣ እጢው ወደ ሽንቱ የረጨውን ሁሉ በቁጥር፣ በለሰለሰ ድምፅ ይነገረዋል። «ደህና አደሩ አቶ ያፌት። ፍሰትዎ ከትናንቱ ቀንሷል።» ሰው ለዚህ ድምፅ መልስ መስጠት ከተወ ቆይቷል። ውጤቱ በዚያው ቅጽበት ወደ ዕድሩ ይሄዳል። ሁሉም አባል ደህና ከሆነ የሰፈሩ መግቢያ ላይ የቆመው ምሰሶ አረንጓዴ ያበራል፤ አረንጓዴ ዕድር የታመመበት ሰው በወረፋው ፊት ይሰለፋል። አንድ ሰው ከተበላሸ ግን ምሰሶው ብጫ ይሆናል፣ ዕድሩም በሙሉ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል። ወጥ እያማሰለች በመስኮት ምሰሶውን ቀና ብላ የማታይ ሴት በሰፈሩ የለችም። ድሮ አጥር ሥር የሸና ሰው የሚቀጣው ስለ ሽታው ነበር፤ አሁን የሚቀጣው ሽንት ስለ ሸሸገ ነው።

የማን ቤት እንዳበላሸም አይደበቅም። በእያንዳንዱ በር ላይ ትንሽ መብራት አለች። የያፌት በር ብጫ ከሆነ ሰንብቷል።

«ኖላዊትን አስባት» አሉ አቶ ናትናኤል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ኖላዊት የጎረቤቱ የሄራን ልጅ ናት፤ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ከቤት እስከ በር ስትሄድ ከንፈሯ ይጠቁራል። «ያቺ ልጅ የሐኪም ቢላ የምትጠብቀው በአንተ ምክንያት ነው።»

«አልሰጥም» አለ ያፌት።

«ሁለት ልመና ይቀርሃል» አሉና ወጡ። ከሦስተኛው ልመና በኋላ እንቢ ያለ ሰው ከነቤተሰቡ ከዕድር ይሰረዛል፤ ዕድሩም አባሉን ስላላስማማ ብጫ ሆኖ ይቆያል። ዕድር የሌለው ሰው ሆስፒታል ወረፋ እንኳ የለውም፤ ሲሞትም ድንኳን የሚጥልለት አይኖርም።

ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ብሩክታዊት ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ጓዳ አስገባች። እየወረወረች ነበር የምታስገባቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ፅንስ ወርዶባታል፤ ሐኪሟ እንደገና ሞክሩ ብላቸው ገና መሞከራቸው ነበር።

«ሽማግሌ ልጅ ሲለምን አውቃለሁ» አለች። «ያልተወለደ ልጅ ሲለምን ዛሬ ገና አየሁ።»

*

ዶክተር ፌቨን ከታቦር ተራራ ሥር ዶሮ ያረባሉ። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሽንት በሰው የሚመረመርበትን ዘመን ከሚያስታውሱት ጥቂት ሐኪሞች አንዷ ናቸው። ያፌት የሄደው ብስክሌቱን እየጋለበ ነው። ዶክተሯ መጀመሪያ ያዩት እሱን ሳይሆን ኮርቻውን ነው።

«ቀኑን ሙሉ እዚህ ላይ ነህ?»

«ሥራዬ ነው ዶክተር። የጠገንኩትን ሁሉ እየጋለብኩ እሞክራለሁ።»

«እጢህን ተቀምጠህባት ነው የምትውለው ማለት ነው። ግባ። ሱሪህን አውልቅና ወደ ግድግዳው ዙር።»

«በእጅ ነው እንዴ?»

«በጣት ነው እንጂ በእጅማ አይገባም።»

ያፌት ጥርሱን ነክሶ ግድግዳው ላይ ያለውን የዶሮ መኖ ማስታወቂያ ሲያነብ ቆየ። ሰው ነክቶት ሲመረመር በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ሲጨርሱ እጃቸውን እየታጠቡ «ቡጢ ጨብጥ» አሉት። ጨበጠ። «የአውራ ጣትህን ሥር ሥጋውን ንካ። ያንተ እጢ እንዲህ ናት። ሰፋ ብላለች፣ ግን ለስላሳ ናት። አሁን የጣትህን አንጓ ንካ። እንዲህ ቢቆረቁረኝ ኖሮ እፈራልህ ነበር።»

«ካንሰር አይደለም ማለት ነው?»

«ጣት ሁሉን አያውቅም፣ አልዋሽህም። በደንብ ለማወቅ ምስል ይነሳል፣ ካስፈለገ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ይታያል። ግን ለመሆኑ ይህቺ እጢ ምን እንደምትሠራ ታውቃለህ?»

«ሽንት ታስቸግራለች።»

«እሱ እርጅናዋ ነው። ሥራዋን ነው የጠየቅኩህ።» ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ከፊኛህ በታች ሆና የሽንት ቱቦህን እንደ ቀለበት አቅፋዋለች። ዘርህ ከቆለጥህ ይመጣል፤ የሚዋኝበትን ፈሳሽ ከፊሉን የምትሰጠው እሷ ናት። ጊዜው ሲደርስም ጨምቃ ትልከዋለች። እሷ ከወጣች ሚስትህ በተፈጥሮው መንገድ ካንተ አታረግዝም። በእሷ ግራና ቀኝ የሚያልፉት ነርቮች ከተነኩ ደግሞ ሌላውም ነገር ይቀራል። ሽንትህን የሚይዘው ጡንቻም እዚያው ሥሯ ነው። ሎሚ ታህላለች ይላሉ አሉ። ሎሚ ትሁና! ሎሚ የምታህል ስንት ነገር አለች ሰውነትህ ውስጥ።»

«ታዲያ ቁጥሩ ለምን ወጣ?»

«ቁጥሩ የሚናገረው እጢዋ መቆጣቷን ነው። ለምን እንደተቆጣች አይናገርም። ኮርቻም ያስቆጣታል፣ ኢንፌክሽንም ያስቆጣታል» አሉና ፈገግ አሉ፣ «ሚስትህም ታስቆጣታለች። ያንተ ኢንፌክሽን ይመስለኛል። መድኃኒት እሰጥሃለሁ። ብስክሌቱን ለጊዜው ተወው። ቁጥሩ ይወርዳል።»

«ካንሰርስ ቢሆን ኖሮ?»

«ቢሆን ኖሮ አንዳንዱ ይቆረጣል፣ አንዳንዱ በጨረር ይታከማል፣ አንዳንዱ ከሰውየው ጋር አርጅቶ ከሰውየው ጋር ይቀበራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ነበር የእኛ ሥራ።» ወደ ዶሮዎቻቸው ዞሩ። «ነበር።»

ያፌት ብስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእግሩ ሄደ፣ መድኃኒቱን ሳያዛንፍ ዋጠ። ቁጥሩም ወረደ። አንድ ማለዳ ሽንት ቤቱ «እንኳን ደስ አለዎት አቶ ያፌት፣ ፍሰትዎ ተሻሽሏል» ሲለው ብሩክታዊትን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። ሁለቱም እየሮጡ ወጥተው የበራቸውን መብራት አዩ።

ብጫ ነበረች።

*

ጽሕፈት ቤቱ ንጹሕ ነው። ወንበሮቹ ጥልቅ ናቸው፣ ሰው ከሰመጠባቸው መነሳት ያስጠላዋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ያፌትን በስሙ ጠርታ ነው የተቀበለችው።

«ቁጥሬ ወርዷል እኮ» አለ ያፌት።

«አዎ፣ ይታየኛል። በጣም ደስ ይላል።»

«ታዲያ መብራቱ?»

«መብራቱ የሚይዘው ከፍተኛውን ነው፣ አቶ ያፌት።»

«አንድ ጊዜ ከወጣ በቃ?»

«አንድ ጊዜ ከወጣ ወጥቷል ማለት ነው።»

«እሺ፣ ሐኪም ይመርምረኝ። ምስል ይነሳ፣ ሥጋም ይቆረጥ።»

«ምርመራ ለአረንጓዴ ዕድሮች ነው።»

«የእኛ ዕድር አረንጓዴ የሚሆነው መቼ ነው?»

«የእርስዎ እጢ ሲወጣ።»

ያፌት አያት። እሷም አየችው። ዓይኗ ላይ ምንም ተንኮል አልነበረም፤ ምሳ ሰዓቷን የምትጠብቅ፣ ደህና አስተዳደግ ያላት ልጅ ናት። ደረቱን ያቃጠለው ይኸው ነበር። የሚጮኽበት ሰው ቢያገኝ ይጮህ ነበር። በዚህች ልጅ ላይ ቢጮህ ነገ ሌላ ልጅ እዚያው መስኮት ላይ ተቀምጣ እንዲሁ ፈገግ ትላለች።

«ሚስቴና እኔ ልጅ እንፈልጋለን» አለ ቀስ ብሎ። «ከመውጣቱ በፊት ዘሬን የሚያስቀምጥልኝ አለ?»

«አለ እንጂ! በጣም ጥሩ አገልግሎት አለን።» ጣቷ ሰሌዳው ላይ ሮጠና ቆመ። «ኦ፣ ይቅርታ። እሱም ለአረንጓዴ ዕድሮች ነው።»

*

ሁለተኛው ልመና አጭር ነበር። ያፌት መድኃኒቱን፣ የወረደውን ቁጥር፣ የዶክተር ፌቨንን ምርመራ አንድ በአንድ ነገራቸው። አቶ ናትናኤል በትዕግሥት ሰሙት። ሲጨርስ «የዶሮ ሐኪም ጣት መብራት ያበራል እንዴ?» አሉት። አቶ ላሚሶ ሳቅ አፈናቸው። ጋሼ ኪሩቤል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ያፌትን አዩት።

«ለስላሳ ናት አለችህ?»

«አዎ ጋሼ። እንደ አውራ ጣት ሥር።»

ሽማግሌው በጋቢያቸው ሥር ቡጢያቸውን ሲጨብጡ ያፌት አየ። የእሳቸውን ማንም ነክቶ አላየላቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ተቀየረ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሰላምታ አጠረ። ጎማ የሚያስለጥፍ ሰው ብስክሌቱን ደጅ አስቀምጦለት ይሄዳል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። አንድ ጠዋት ሄራን መንገድ ላይ አቆመችው። የተኛች አትመስልም ነበር።

«ያፌት፣ እኔና አንተ ተጣልተን እናውቃለን?»

«አናውቅም።»

«ልጄን ትጠላታለህ?»

«ሄራን!»

«እንግዲያ ምንድነው የምትሰስትብን? ማታ ማታ ትንፋሿን ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው። አንተ ደግሞ እዚያ ግድግዳ ማዶ እጢህን አቅፈህ ትተኛለህ!»

ያፌት ስለ ኮርቻው፣ ስለ ኢንፌክሽኑ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ሄራን ግን ማልቀስ ጀምራ ነበር። ለሚያለቅስ ሰው ስለ ኮርቻ አይወራም። እቤት ሲገባ የብስክሌት ጎማ አንስቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው።

«ማንን ልምታ?» አላት ብሩክታዊትን። «ንገሪኝ እስቲ፣ ማንን ነው የምመታው? ሁሉም ደግ ሰው ነው!»

*

ሦስተኛው ልመና እሑድ ከሰዓት ሆነ። ደጁ ላይ ሴቶች ተሰበሰቡ፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ እልል ማለት ስለሚገባ አስቀድመው መጥተው ይጠብቃሉ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሄራንም አብራ ገባች። ይህም በደንቡ የተፈቀደ ነው፤ በሦስተኛው ልመና የተጎዳው ወገን ፊት ለፊት ይቆማል። ደንቡ ሌላም ነገር ይላል። ሦስተኛው ልመና የሰዓት ገደብ የለውም።

ቆሙ። አቶ ናትናኤል ተናገሩ፣ አቶ ላሚሶ ተናገሩ፣ እንደገና አቶ ናትናኤል ተናገሩ። ያፌት እንቢ አለ። የሄራን መቆም ብቻ ይበቃ ነበር። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። ብሩክታዊት የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማለች፤ ወንበሮቹ ከኋላዋ ናቸው።

ጋሼ ኪሩቤል ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር ጀመሩ። ግንባራቸው ላብ አወጣ።

«ጋሼ፣ ሽንት ቤት ይሂዱ» አለ ያፌት።

«ልመናው ሳያልቅ ሽማግሌ ከክፍሉ አይወጣም» አሉ አቶ ናትናኤል ፈጠን ብለው፣ ወደ መሬት እያዩ። «ደንብ ነው።»

ጋሼ ኪሩቤል ለምን አብረው እንደተላኩ ለያፌት የገባው ያኔ ነው፤ ግን ዘግይቶ ገባው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። በጥቁሩ ሱሪያቸው ላይ ምንም አይታይም፤ ሲሚንቶው ላይ ግን በጫማቸው ዙሪያ ውኃው ቀስ ብሎ ሰፋ። ግድግዳውን ፈልገው በእጃቸው ዳበሱት፣ አላገኙትም።

ብሩክታዊት ሳታስብ ወንበር ይዛ ወጣች። ያፌትም ሳያስብ ወንበሩን ተቀብሎ ከኋላቸው አደረገው። አስተማሪው ናቸው። በሰው ፊት እንዲህ ሆነው ሊወድቁበት ነው። እጢም ዕድርም ከሐሳቡ ወጣ።

«ተቀመጡ ጋሼ። ግድ የለም፣ ተቀመጡ።»

ጋሼ ኪሩቤል ወንበሩን አዩት። ከዚያ የያፌትን ትከሻ ይዘው ቀጥ አሉ።

«ውሰደው» አሉ።

«ጋሼ...»

«ወንበሩን ውሰደው አልኩህ! አንተ ልጅ፣ ዛሬም የተነገረህን አትሰማም?»

ያፌት ወንበሩን አነሳው።

«ከመምጣታችን በፊት ናትናኤል ቤቱ ሻይ ጋበዘኝ» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ እንደነበረው ከፍ ብሏል። «ቀጥሎ ሌላ ሻይ። ቀጥሎ ሌላ። አምና እኔን ሊለምኑ የመጡትን ሰውዬም እንዲሁ አጠጥተዋቸው ነበር። እሳቸውም እጢያቸው ወጥቶላቸዋል። እሳቸውም ቤቴ ወለል ላይ እንዲህ ሆኑብኝ። አሳዘኑኝ፤ ወንበር ሰጠኋቸው። በቃ። ፕሮስቴቴን የሰጠሁት እንደዚያ ነው። ሰው አሳዝኖኝ!»

«ጋሼ ኪሩቤል፣ መመሪያ ነው» አሉ አቶ ናትናኤል። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሽማግሌ የሚመርጡት የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ናቸው። ሻዩንም ያዘዙት እነሱ ናቸው። እኔ ምን ላድርግ? ይበቃል በናትዎ፣ አምባሩ ይሰማል።»

«ይስማ!»

በዚህ ጊዜ ሄራን ተናገረች። «ልጄስ?» አለች። «ልጄስ፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ፤ ቁጣቸው አልበረደም፣ ድምፃቸው ግን ለሰለሰ። «አምና የእኔን የሰጠሁት ለማን ብዬ ነበር?»

ሄራን ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

«ንገሪኝ እንጂ። ያን ጊዜም እቤቴ እንዲሁ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ነበር። ለኖላዊት ነው አልተባልኩም? መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ተራሽ ሳይደርስ የያፌት ቁጥር ወጣ፣ እንደገና ብጫ ሆነ። ያፌት ቢሰጥ ደግሞ የሌላ ሰው ቁጥር ይወጣል። ወንድ አርጅቶ እጢው የማያብጥ የታለ? ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይሄ ሒሳብ አያልቅም። ልጅሽን ወረፋ ያስያዛት የያፌት እጢ አይደለም።»

ሄራን አቶ ናትናኤልን አየቻቸው። «ቀጣዩ ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«የዕድር ዳኛ አይደሉ? ያፌት ቢሰጥ ቀጣዩ ማነው?»

መልሱ ከሌላ ወገን መጣ። «እኔ ነኝ» አሉ አቶ ላሚሶ። ሁልጊዜ የሚስቁት ሰው ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ሽንት ቤቱ ነገረኝ። ገና መብራቱ ላይ አልወጣም።»

«ይሄን እያወቁ ነው እኔን ሊለምኑ የመጡት?» አለ ያፌት።

«የአንተ ከወጣ ለጊዜው አረንጓዴ ይሆናል ብዬ ነዋ። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን...» አልጨረሱትም።

ያፌት ወንበሩን እንደያዘ ነው። መጮህ ይችል ነበር፤ አሁን ሁሉም ፊት ለፊቱ ነበሩ። ግን አንድ የፈራው ነገር ነበር፤ እሱን ሳይለው ቁጣው ዋጋ የለውም። ወንበሩን ለብሩክታዊት አቀበላትና ሄራን ፊት ሄዶ ቆመ።

«አልሰጥም» አላት። «ልጅሽን እያወቅኋት፣ ትንፋሿን ግድግዳ ማዶ እየሰማሁ አልሰጥም። ለሚያሳክማት ቢሆን ደሜንም እሰጥ ነበር። ለመብራት አልሰጥም። ከፈለግሽ ርገሚኝ።»

ሄራን አልረገመችውም። አልማረችውምም። ፊቷን ዞር አድርጋ የጋሼ ኪሩቤልን እግር፣ ሲሚንቶው ላይ የሰፋውን ውኃ ለረዥም ጊዜ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገባቸው ላይ ልታስርላቸው ቀረበች።

«ተይው» አሉ ሽማግሌው። «ይታይ።»

የአቶ ናትናኤል አምባር ድምፅ ሰጠ። እንቢታው ለተጎዳው ወገን ፊት ለፊት ተነግሯልና ሦስተኛው ልመና አልተሳካም ማለት ነው። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ጠፋች። ብጫም አልሆነች፣ አረንጓዴም አልሆነች፤ ጠፋች። ያፌትና ብሩክታዊት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕድር የላቸውም። ብሩክታዊት የጠፋችውን መብራት አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች፣ ጫማዋን አደረገች።

በሩ ተከፈተ። ደጅ የሚጠብቁት ሴቶች ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ሲያዩ ነገሩ የተሳካ መሰላቸው፤ እልልታውን በአንድ ድምፅ አቀለጡት። ጋሼ ኪሩቤል ሱሪያቸው ጭናቸው ላይ እንደተጣበቀ፣ ጫማቸው ሲራመዱ እየጮኸ፣ በመካከላቸው አለፉ። ቅርብ ያሉት አዩ። ቀጥሎ ያሉትም አዩ። እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ራቅ ብላ የቆመች ሴት ብቻዋን ስትል ተሰማች፣ እሷም ደንግጣ አፏን ያዘች።

«ተቀመጡ?» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«አልተቀመጥንም» አሉ ጋሼ ኪሩቤል ሳይቆሙ።

«ታዲያ ወዴት ነው?»

የመለሰችው ሄራን ናት። ቤቷ ገብታ ኖላዊትን በጀርባዋ አዝላ ወጥታ ነበር፤ የልጅቷ የጠቆሩ ከንፈሮች በእናቷ ትከሻ ላይ አርፈዋል።

«ወደ ጽሕፈት ቤቱ» አለች። «ድሮም መቆም የነበረብን እነሱ ደጅ ነው።»

ያፌት ቀድሟት ተራመደና ልጅቷን ከጀርባዋ ተቀበላት፤ መንገዱ ዳገት ነበር።